የጫማዬ ተረከዝ

እህቴ ሴት ልጅ በወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በጠያቂ ሴቶች ጢም ብሎ ሳለ፣ ከተኛችበት ቀና ብላ «የክርስትና እናቷ እሷ ናት» አለችና ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለቱን ክራንቾቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች የለም። ሴቶቹ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥለው ክራንቾቼን አዩ፣ በመጨረሻ ሁሉም ዞረው የእህቴን አማት አዩ። አማቷ ገንፎ እያማሰሉ ነበር፤ ማማሰያውን ለአፍታ አቆሙና እንደገና ቀጠሉ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ ያለ ምክንያት ሳቅሁ።

የክርስትና እናት መሆን በእኛ አገር የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ትወሰዳለች። የክርስትና እናቷ ታቅፋት ትቆማለች፤ እንዳቀፈቻት ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ እሷ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስለ እሷ ታምናለች፤ ቄሱ ከውኃው ሲያወጧትም በነጭ ጨርቅ የምትቀበላት እሷ ናት። ይህ ሁሉ ሁለት እጅ ይፈልጋል። በሁለት ክራንች የሚቆም ሰው ደግሞ ትርፍ እጅ የለውም። ስለዚህ እዚያ ቤት የነበሩት ሴቶች ያሰቡት ገብቶኛል፤ በቦታቸው ብሆን እኔም ያንኑ አስብ ነበር። ሰማንያ ቀን ተሰጥቶኝ ሦስቱ አልፈዋል።

እህቴ እኔን የመረጠችበት ምክንያት የቆየ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ፣ ከዓረብ አገር በተመለስኩ በአምስተኛው ወር፣ ከእርከን ላይ ወደቅሁ። አምስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ ስመጣ «ዓረብ አገር አሰነፋት» እንዳይሉኝ ብዬ ያልነካሁት የሥራ ዓይነት አልነበረም። ያን ቀንም ወንድሜ «ነገ አወርደዋለሁ» ያለውን የማሽላ አገዳ «እኔ ዛሬ አወርደዋለሁ» ብዬ፣ ዓይኔ እስኪጋረድ ተሸክሜ፣ እግሬ የሚረግጠውን ሳላይ ስወርድ የእርከኑ ድንጋይ ተናደ። ቅልጥሜ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ወጌሻ ተጠራ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የስንቱን ክንድ አቃንተዋል። የእኔን እግር ግን በሸምበቆና በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሠሩት። ስጮኽ «ሲጠግን ነው፣ ቻይው» ተባልኩ፤ ስምንት ቀን ቻልኩት። በስምንተኛው ቀን እህቴ ከባሏ ቤት ልትጠይቀኝ መጣች። ገና ከደጃፉ አፍንጫዋን ያዘች። ብርድ ልብሱን ገልጣ ጣቶቼን አየች፤ ጠቁረው ነበር። ማንንም አላማከረችም። ቢላዋ አንሥታ ማሠሪያውን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው፣ ከዚያ ወጥታ መንደሩን በጩኸት አናወጠችው። ጎረቤቶቻችን ቃሬዛ ላይ አድርገው እየተቀባበሉ እስከ መኪና መንገዱ ወሰዱኝ፤ እህቴ መንገዱን ሙሉ ከጎኔ እየሮጠች ነበር። ለእግሬ ዘግይተን ነበር። ለነፍሴ ግን ደረስን። ያን ቀን እሷ ስለ እኔ ቆመች፤ እኔም ስለ ልጇ እንድቆም የፈለገችው ለዚህ ነው።

ሰቆጣ ሆስፒታል ስንደርስ ቀዶ ሐኪሙ እግሬን አይቶ «ሁለታችሁንም ማትረፍ አልችልም፤ ወይ እሱን ወይ አንቺን» አለኝ። ሰደብኩት። እንዳይገባው ብዬ በዓረብኛ ነበር የሰደብኩት። ከብዙ ቀን በኋላ፣ ቁስሌን ሲያይልኝ፣ «ያኔ ያልሽኝን ቃሉን ባላውቀውም ፊትሽ ተርጉሞልኛል» ብሎ ሳቀብኝ። በሐፍረት አንሶላውን ፊቴ ላይ ጎተትኩ። ያ የሰደብኩት ሰው ጉልበቴን አትርፎልኛል፤ ጉልበት ምን ያህል ነገር እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

ያወቅሁት ከአሠልጣኙ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነው ሥራው፤ በሽተኞቹ ሁሉ ግን «አሠልጣኝ» እንለዋለን፣ ምክንያቱም እንደ እግር ኳስ አሠልጣኝ ይጮኽብናል። የቀረውን እግሬን በፋሻ እንዴት እንደምጠቀልል፣ ጉልበቴ ታጥፎ እንዳይደርቅ በሆዴ እንዴት እንደምተኛ፣ በቀረው እግሬ የአሸዋ ከረጢት እንዴት እንደማነሣ አስተማረኝ። «ጉልበት ያለው ሰው ተራማጅ ነው፤ የጎደለሽ እግር ብቻ ነው፣ እሱ ይሠራል» ይለኝ ነበር። ይሠራል! ስለ ወንበር የሚያወራ ይመስል። በጣም ያናድደኝ ነበር። ከሄደ በኋላ ግን ብቻዬን ከረጢቱን እንደገና አነሣ ነበር።

ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው ደሴ ነው። ስሜ ወረፋ ላይ ከተያዘ ቆይቷል። ሕፃኗ በተወለደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ተራሽ ደርሷልና ነይ ተባልኩ። እየጮኽሁ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ፤ በክራንች መሮጥ ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ይቻላል። «ለልጅሽ በእግሬ እቆምላታለሁ!» አልኳት። እሷም አለቀሰች፣ ሕፃኗም አለቀሰች፣ እኔ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። አማቷ ብቻ «እስቲ መጀመሪያ ይምጣ» አሉ።

ደሴ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። እግሬን በጀሶ ለኩ፣ ቀረጹ፣ አጠበቡ፣ አሰፉ። እግሩን የሚገጥመው ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። በመጨረሻ «አዘውትረሽ የምታደርጊውን ጫማ አምጪ» አለኝ። እኔም ከሻንጣዬ ያንን አወጣሁት። ዓረብ አገር ሳለሁ ለራሴ የገዛሁት የመጀመሪያ ጫማ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ተረከዙ ሁለት ጣት የሚሆን። ሰባት ቀን በሰው ቤት ወለል ላይ በነጠላ ጫማ ከርሜ፣ ሰው በሌለበት ክፍሌ ውስጥ እሱን አድርጌ ቆሜ አውቃለሁ። ባለሙያው ጫማውን አገላብጦ አየና «ባዶ እግርሽን የምትቆሚበት ጊዜ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

ደሜ ፈላ። «እኔ ባዶ እግሬን የምሄድ እመስልሃለሁ?» አልኩት። በልጅነቴ ስንቱን ተራራ ያለ ጫማ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ያንን ያወቀብኝ መሰለኝ። እሱ ግን አልተቆጣም። «እንግዲያ እግሩን የማስተካክለው በዚህ ጫማ ቁመት ነው። ጫማውን አውልቀሽ እንዳትቆሚበት፤ ወደ ኋላ ይጥልሻል» አለኝ። እሺ አልኩ። ጆሮዬ እሱ ዘንድ አልነበረም፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ውስጥ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ሁለት ጫማ ያደረገች፣ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ነበረች! ዓመት ከመንፈቅ አጎንብሼ በክራንች ስሄድ ቁመቴን ረስቼው ነበር። ከእህቴ እንደምረዝም ያስታወስኩት ያን ቀን ነው።

ሰቆጣ መናኸሪያ ስወርድ ክራንቾቼን ጠቅልዬ በእጄ ይዤ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በእግሬ ሄድኩ፤ አስፋልቱ ላይ ተረከዜ ቋ ቋ ይላል፣ ሰው ዞሮ ያያል፣ እኔ ደግሞ እንዲያይ ቀስ እላለሁ። አሠልጣኙ ከሩቅ ሲያየኝ የያዘውን ፋሻ ጥሎ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያው መጮኽ ጀመረ፤ «ትከሻሽ! ትከሻሽን አታንሺ!» አንድ ቀን እንኳ በደስታዬ እንድቆይ አልተወኝም።

ሰማንያኛው ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ወጣሁ። እግሬን ካጣሁ ወዲህ የቅጥሩን በር አልፌ አላውቅም ነበር፤ ሰው በክራንች እንዲያየኝ አልፈልግም ነበርና ከውጭ ተሳልሜ እመለስ ነበር። ያን ቀን ነጭ ለብሼ፣ በሁለት እግሬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ገባሁ። ሴቶቹ «እሰይ! እሰይ!» አሉኝ። የእህቴ አማትም ነበሩ፤ እህቴ ግን አራስ ስለሆነች ገና ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። በሴቶቹ በር በኩል ደረስኩና፣ ሰው እንደሚያደርገው፣ አጎንብሼ ጫማዬን አወለቅሁ።

ቀና ስል መሬቱ ከፊቴ ሸሸ። ጉልበቴ ወደ ኋላ ተገፋ፣ የምይዘው አጣሁ፣ ምእመናኑ ባወለቁት ጫማ መካከል በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። ያመመኝ ነገር የለም፤ ጫማ ብዙ ነበር። ግን እዚያው እንደተቀመጥኩ ነገሩ ሁሉ በአንዴ በራልኝ። ባዶ እግርሽን የምትቆሚበት ጊዜ አለ ወይ ብሎኝ ነበር! ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየሳምንቱ ጫማ ሳወልቅ የኖርኩ ሰው፣ ያንን ጥያቄ የድህነት ጥያቄ አድርጌ ሰምቼው ነበር። ሀብታሙም ድሃውም ጫማውን የሚያወልቅበትን አንዱን ቦታ ረስቼው ነበር፤ እግሩን የፈለግሁትም እዚያ ቦታ ለመቆም ብቻ ነበር።

አማቷ መጥተው በብብቴ ይዘው አነሡኝ። ሲናደዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኽምጣኛ ይቀድማቸዋል፤ ያን ቀን ግን ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገሩ። «ሕፃኗን ይዛ ቢሆንስ?» አሉ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ እናገር ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ወደ እህቴ ቤት ወርደው ሌላ የክርስትና እናት እንድትፈልግ ነገሯት። እህቴ ጡት እያጠባች «ሰማንያው ቀን አልደረሰም» አለቻቸው። እኔን ደግሞ ዞራ አየችኝና «አደራሽን፣ አታሳፍሪኝ» አለችኝ። እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት አሠልጣኙ ደጅ ነበርኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ የመለማመጃውን ብረት ይዤ፣ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚጥለኝ አሳየሁት። እኔን አየ፣ ከዚያ የራሱን እግር አየ። «እኔም እኮ በየእሑዱ አወልቃለሁ» አለ፤ «አብረን ስንት ቀን ስንሠራ አንድም ቀን አላሰብኩትም።» ደሴ ደወልን። ባለሙያው ሳይስቅብኝ አዳመጠ። እግሩን እንደገና ለማስተካከል እዚያው መሄድ አለብኝ፣ ተራ የሚገኘው ግን ከሰማንያው ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ለጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ከተረከዙ ሥር ልክ የጫማውን ቁመት ያህል ጠንካራ ነገር ይደረግበት አለ። ደህናው እግሯ ባዶ ስለሚሆን ትንሽ ዘንበል ትላለች፣ ግን አትወድቅም፤ እግሩን የሚያስተካክለውን ብሎን እንዳትነኩ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አሠልጣኙ እንጨት ፈለገ፣ ላስቲክ ፈለገ፣ ለካ፤ አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ይንሸራተታል። ልክ የጫማዬን ተረከዝ የሚያህል ነገር ከየት ይምጣ? ሁለታችንም ወለሉ ላይ ያለውን ጫማ አየን። «መጋዙን ስጠኝ» አልኩት። ጀሶ የሚቆርጡበትን መጋዝ ሰጠኝ፤ ያንን የሚያብረቀርቅ ጫማ በሁለት ጉልበቴ መካከል ይዤ ተረከዙን ገዘገዝኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ሲቆረጥ ግን ደስ አለኝ፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከደረቴ የሆነ ነገር የወረደ መሰለኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ በማጣበቂያና በቆዳ ማሠሪያ ከፕላስቲኩ እግር ሥር ገጠመልኝ። ቆምኩ። ዘንበል ብዬ፣ ግን ቆምኩ! ከዚያ ወዲህ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ አላውቅም።

ከዚያ ልምምዱ ተጀመረ፤ ያን ሁለት ሳምንት ሳስታውስ እስካሁን ደስታው ያስፈነድቀኛል። አሠልጣኙ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በግማሽ ውኃ ሞላ፣ ዘይት ቀባውና «ልጅሽ ይቺ ናት፤ ከውኃ የወጣ ሕፃን ያዳልጣል» አለኝ። የሚያቀብለኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ከአበርገሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ አብረውን ይሠሩ ነበር፤ ግማሽ አካላቸው በድንገት ዝሎ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አሠልጣኙ እሳቸውን ቄስ አደረጋቸው። «እርስዎ ያነሣሉ፣ እሷ ትቀበላለች» አለ። የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ጀሪካኑን ከጉልበታቸው ማንሣት አቃታቸው፣ ሁለተኛው ቀን አነሡና እግራቸው ላይ ጣሉት። እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ተቀብዬ ጣልኩት።

«ኸረ ልጅ ገደልሽ!» አሉ ሽማግሌው በተጣመመ አፋቸው፤ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ቁስል ለማሳሰር ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ተመልካች ሆነ። መዞሩ ደግሞ ከመያዙ ይብስ ነበር። በሆስፒታሉ ግቢ ምዕራቡ አንሶላ የሚሰጣበት ገመድ ነው፣ ምሥራቁ የዘበኛው ቤት። አሠልጣኙ «ምዕራብ!» ሲል ወደ አንሶላው ዞሬ ሰይጣንን እክዳለሁ፣ «ምሥራቅ!» ሲል ወደ ዘበኛው ዞሬ አምናለሁ። በአዲሱ እግሬ ላይ እንዳልሽከረከር፣ ትንንሽ እየረገጥኩ እንድዞር፣ ክብደቴን መጀመሪያ በደህናው እግሬ እንዳደርግ ስንት ጊዜ ጮኸብኝ! በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሽማግሌው ጀሪካኑን እስከ ደረታቸው አንሥተው ሰጡኝ። ተቀበልኩ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ፣ አልጣልኩም። ወረፋ የያዙት ሴቶች እልል አሉ። ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ አማተቡ። ከታመሙ ወዲህ በዚያ እጃቸው ሲያማትቡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ አሠልጣኙ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ሰማንያኛው ቀን ማለዳ እህቴ በነጭ ተሸፋፍና፣ ባሏ ከጎኗ፣ አማቷ ሕፃኗን አቅፈው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ረጅም ቀሚስ የለበስኩት ሆነ ብዬ ነው። በግራ እግሬ ብቻ ያደረግኩትን ጫማ አውልቄ፣ ተረከዙን በቀሚሴ ሸፍኜ ልገባ ነበር ሐሳቤ። ጥሩ ሐሳብ አልነበረም፤ ግን ያ ነበር። በክርስትና ቤቱ በር ላይ የግራ ጫማዬን አውልቄ የተረከዙን ማሠሪያ ሳጠብቅ የአማቷ ዓይን ከቀሚሴ ሥር ገባ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«እግሬ ነው።»

«ከሥሩ ያለው! የጫማ ተረከዝ አይደለም እንዴ? ጫማ አድርገሽ ልትገቢ ነው?»

ሁሉም ቆመ። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ የቀሚሴን ጫፍ ወደ ታች ጎተትኩ። የንስሐ አባታችን ጫጫታውን ሰምተው መስቀላቸውን እንደያዙ ከውስጥ ወጡ። ሸምግለዋል፣ ለመስማት ራሳቸውን ወደ ተናጋሪው ያዘነብላሉ። አማቷ ነገሯቸው። እሳቸውም «ቀሚስሽን ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ ልጄ» አሉኝና አጎንብሰው የፕላስቲኩን እግር፣ የቆዳውን ማሠሪያ፣ ጥቁሩን ተረከዝ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይህን ብትፈቺው ምን ትሆኛለሽ?»

«ወደ ኋላ እወድቃለሁ፣ አባቴ።»

«እውነቷን ነው» አሉ አማቷ፣ ገና እንደተቆጡ፤ «ያለ ጫማ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ! ያነሣኋት እኔ ነኝ።»

የንስሐ አባታችን ቀና አሉ። «እንግዲያ ምስክሯ እርስዎ ነዎት» አሏቸው። «ጫማ ሲወልቅ ሰው ቆሞ ይቀራል። ይህ ሲወልቅ የምትወድቅ ከሆነ እግሯ ነው። እግራችሁን አውልቃችሁ ግቡ የሚል ሥርዓት እኔ አልተማርኩም።» ከዚያ ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ተመለሱና «መንገድ የረገጠ ነውና ግን ይታጠብ» አሉ።

አማቷ ሕፃኗን ለአባቷ ሰጡ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን ማሰሮ አነሡ፣ አጎንብሰው ተረከዙ ላይ ውኃ አፈሰሱ። በእጃቸው አሹት። ያ እግር ውኃው ይቀዝቅዝ አይቀዝቅዝ አይሰማውም፤ እኔ ግን ተሰማኝ። ሲጨርሱ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ሕፃኗን ተቀብለው፣ በእጄ አስቀመጡልኝ።

ወደ ምዕራብ ዞርኩ፤ ከፊቴ ግድግዳ ነበር፣ በልቤ ግን የተሰጣ አንሶላ አየሁና ሳቄን ዋጥኩ። ትንንሽ ረግጬ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። የንስሐ አባታችን ከእጄ ወስደው ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ነክረው ሲያወጧት ጣራው እስኪያስተጋባ ጮኸች፤ ከጀሪካን ይልቅ በጣም ታዳልጣለች፣ ደግሞ ጀሪካን አይራገጥም። በነጭ ጨርቁ ተቀበልኳት፤ ስትራገጥ ክብደቷ ደረቴን ገፋኝ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ። ተረከዙ መሬቱን ያዘ። ያዘ! ቆሜያለሁ፣ ሕፃኗም ደረቴ ላይ ናት፤ ማዕተቧ ሲታሰርላት አንገቷን የደገፈው የእኔ እጅ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ወጣን። ከቤተ ክርስቲያናችን ወደ መንገዱ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ያልተስተካከለ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። የደረጃው ራስ ላይ ቆሜ፣ ሕፃኗን ታቅፌ፣ አማቷ «አምጪ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ ልሰጣቸውም ዘርግቼላቸው ነበር። እሳቸው ግን ደረጃውን ቁልቁል አዩት፣ ጉልበታቸውን አሹት፣ ከዚያ መጥተው ክንዴን ያዙ። ሊደግፉኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ሁለት ደረጃ ስንወርድ ክብደታቸው በሙሉ ክንዴ ላይ መሆኑ ገባኝ። ደስታው አፈጠነኝና እርምጃዬን ጨመርኩ።

«ቀስ በይ እንጂ!» አሉኝ፣ ክንዴን ጠበቅ አድርገው፤ «እኔ እንዳንቺ አዲስ እግር የለኝም።»